የሰባት ቁጥር መስመር በእግር

በከተማ አውቶቡስ ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሹፌር በየዓይነቱ አይቻለሁ። ቀይ መብራት ሲይዘው ዘመዱ የሞተበት ይመስል ፊቱ የሚጠቁር አለ። ተሳፋሪ እየሮጠ ሲመጣ በመስታወት አይቶ በሩን የሚዘጋም አለ፣ እግዜር ይይለት። ጋሽ ቀስታ ግን ከሁሉም ይለያል። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ መካኒኮች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ፍሬን በኃይል ረግጦ አሮጊት አላስደነገጠም። እኔም አብሬው የሠራሁባቸውን ዓመታት እንደ ዕረፍት እቆጥራቸዋለሁ።

ከዚያ ያ ዝናባማ ጠዋት መጣ። የሰባት ቁጥር መስመር ከሆስፒታሉ በታች አንድ ቁልቁለት አለው፤ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ደግሞ መታጠፊያ አለ። ከእኛ ቀድሞ ያለፈ የጭነት መኪና ዘይት አፍስሶበት ኖሮ አውቶቡሳችን ተንሸራተተ፤ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣና የአንድ ግቢ አጥር ተደግፎ ቆመ። ሰው አልሞተም። አስራ አንድ ሰው ተላላጠ፣ የእኔ የግራ እጅ አንጓ ተሰበረ። አጣሪዎቹ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም ብለው በጽሑፍ ሰጡት። እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ በጨበጠ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋራዥ ውስጥ በቆመ፣ ሞተሩ ባልተነሳ አውቶቡስ ላይ እንኳ ይንቀጠቀጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤቱ የመለዋወጫ ክፍል መደበው፤ ብሎን በየመጠኑ ሲደረድር ይውላል። ስምሪት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲሱ የመስመር ድልድል እስኪወጣ አምስት ወር ሰጠው። እስከዚያ ወደ መሪው ከተመለሰ ተመለሰ፤ ካልተመለሰ ጡረታ እስኪወጣ ብሎን ደርዳሪ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሲነግሩት፣ ብሎኑም ሰው ይፈልጋል ብሎ መለሰ አሉ። ስሰማ አንጀቴን በላው።

ትልቋ ልጁ የስፖርት መምህርት ናት። አባቷ እንቅልፍ እንዳጣ ስታይ መጀመሪያ በእግር አስኬደችው፤ ቀጥላ አስሮጠችው፤ ሳታማክረውም ለከተማው ማራቶን አስመዘገበችው። የየሳምንቱን ልምምድ በወረቀት ጽፋ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ለጠፈችበት። እሁድ እሁድ ረጅም ሩጫ ነው፤ ከአስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጀምርና እየጨመረ ሠላሳ ሁለት ይደርሳል። ሚስቱ ወረቀቱን አንብባ ስታበቃ፣ ይኼ ሰውዬ መንገድ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል ብላ ወደ እኔ ደወለች። የልጄን ብስክሌት ይዤ፣ ውሃ እያቀበልኩ እንድከተለው ተፈረደብኝ። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መንገድ የነዳ ሰው ሌላ መንገድ የት ያውቃል? ከጋራዡ ይነሳና ሰባት ቁጥርን ይዞ ይሮጣል። በመጀመሪያው እሁድ የመጀመሪያው ፌርማታ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደክሞት መስሎኝ ውሃ ዘረጋሁለት፤ አልፈለገም። ሰው ወርዶ ሰው እስኪሳፈር የሚፈጀውን ያህል ቆመና፣ ወደ ኋላ ገልመጥ ብሎ አይቶ ቀጠለ። በሚቀጥለውም ፌርማታ እንደዚያው። ልጁ ሰዓቱን አይታ ተናደደች፤ ፌርማታ ላይ የሚቆም ሯጭ በዕድሜዋ አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። እሱ ደግሞ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ጥሎ ማለፍ ነውር ነው ብሎ ክችች አለ።

ሰዉም ለመደው። ሰባት ቁጥር የት ደርሷል ብለው ሲጠይቁት ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል ይላቸዋል፤ እንዳለውም ይሆናል። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ልጃቸው ሆስፒታሉ ውስጥ ነርስ ናት። መሄድህ ካልቀረ ብለው የምሳ ዕቃ አስያዙት፤ ከዚያ በኋላ የእሁድ ምሳ ማድረስ የእኛ ሥራ ሆነ። የጋራዡ መካኒኮች ደግሞ የጫማው ክር ተፈቶ ባዩት ቁጥር "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያሉ ይተርቡታል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ክሩን እያሰረ፣ እናንተ ተቀምጣችሁ ያሰራችሁትስ መቼ ያዘ፣ ትናንት የወለቀው ጎማ ይመስክር አላቸው። ከአደጋው ወዲህ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ጀመር። ከጋራዡ እስከ ሆስፒታሉ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ሲታዘዝ ሆስፒታሉ ጋ ደርሶ መመለሱ ልክ ነው። ሃያ ስምንት በተባለበት እሁድ ግን ቁልቁለቱን መውረድ ሲገባው የሆስፒታሉን አጥር ይዞር ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው የበር ጠባቂው አዘነለትና፣ የሚፈልጉት በሽተኛ ስሙ ማን ይባላል ብሎ ጠየቀው። እኔ ቆሽቴ አረረ። ብስክሌቱን ፊቱ ገተርኩት።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው አጥር የምትዞረው?"

"ከዚህ በታች እግሬ አይታዘዘኝም" አለ፣ ወደ ቁልቁለቱ ሳያይ።

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። የራሴ ጉድ ግን ትዝ አለኝ። የእጄ ጀሶ ከተፈታልኝ ቀን ጀምሮ ለሥራ አውቶቡስ ላይ አልወጣሁም፤ እጄ ገና ነው ብዬ ጋራዡ በር ላይ ባለው የቲኬት መስኮት ተመድቤ ተቀምጫለሁ። እጄ ከዳነ ግን ሁለት ወር አልፎታል። አክስቴ ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጎን ትኖራለች፤ እሷን ልጠይቅ ስሄድ የከተማውን ግማሽ ዞሬ በሌላ መስመር ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አጥር ተደግፈን ስንንከተከት፣ ጠባቂው በሽተኞቹ እኛው መሆናችንን ሳይጠረጥር አልቀረም።

የሠላሳ ሁለቱ እሁድ ደረሰ። ማራቶኑ ሦስት ሳምንት፣ ድልድሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጋሽ ቀስታ ዘዴ ዘይዶ መጣ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ጋ ይደርሳል፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይመለስና እንደገና ሆስፒታሉ ጋ ይመጣል። ይኼ ሃያ ስምንት ይሆናል። የቀረው አራት ኪሎ ሜትር ቁልቁለቱና ከዚያ ማዶ ያለው ሜዳ ነው፤ መጨረሻው የፋብሪካው በር፣ የሰባት ቁጥር የመጨረሻ ፌርማታ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ ፍርሃትም ይደክመዋል፣ ከእኔ ጋር ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጦ ምን ጉልበት ይተርፈዋል አለኝ። ሳቅሁበት። የእኔው ፍርሃት ግን በብስክሌት ነው የሚመጣው፤ እሱ መቼ ይደክመዋል ብዬ አሰብኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እንደ ልማዱ ፌርማታው ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ገልመጥ አለ፣ ቀጠለ። አጥሩን አልዞረም። ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨብጬ ተከተልኩት። አንድ ነገር እያጉተመተመ ነው። ስጠጋ ሰማሁት፤ "ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን በስሱ፣ አሁን ያዝ" ይላል፤ እግሩን እየነዳው ነበር። መታጠፊያው ላይ አጥሩ ተጠግኗል፤ አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ጋር ቀለሙ አልገጠመም። አየት አድርጎት አለፈ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ብስክሌት ላይ ሆኖ ማልቀስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

የፋብሪካው በር ጋ ሰባት ቁጥር ባዶውን ቆሟል፤ ሹፌሩ ጥላ ሥር ያወራል። ጋሽ ቀስታን እግሩ ሊሸከመው አልቻለም። በተከፈተው የፊት በር ገብቶ መጀመሪያ ባገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። የሹፌሩ ወንበር ነበር። እንዳይወድቅ መሪውን ያዘ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ይንዘፈዘፋል። ውሃ ላቀብለው ስጠጋ ዓይኔ እጁ ላይ ወደቀ። ሁለቱም መሪው ላይ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።

እሱም አየ። "እግሬ ነው እንጂ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እጄስ ደህና ነው።"

በማግስቱ ስምሪት ኃላፊው ዘንድ ገባ። ሁለት ቀን ባዶ አውቶቡስ እየነዳ ተፈተነ፤ ረቡዕ ድልድሉ ሲወጣ ሰባት ቁጥር ተመለሰለት። ኃላፊው በመስኮቴ ብቅ ብሎ፣ ለእሱ ማንን ቲኬት ቆራጭ ላድርግ ብሎ አማከረኝ። የእኔን ስም ጻፍ አልኩት፤ ምላሴ ከልቤ ቀደመ። ማራቶኑንስ ለምትሉኝ፣ በኋላ እሱንም በአምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጨርሷል፤ ልጁ ስለ ሰዓቱ እንዳናነሳባት ለምናናለች። እኔ ግን የማልረሳው ሐሙስን ነው።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ሆስፒታሉ ጋ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ቁልቁለቱ ከፊታችን ነው፤ አልተንቀሳቀስንም። ጋሽ ቀስታ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ፈለገ። በዚያ ሁሉ ዘመን ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

"እህቴ፣ ልውረድ?"

ስድሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ተሰብሮ የዳነው እጄ የመያዣውን ብረት ጨብጦ አልለቅ ብሏል።

"ውረድ ጋሼ" አልኩት፣ "አብሬህ ነኝ።"

ወረድን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ብረቱን ለቀቅሁና ለአንዲት ተማሪ ቲኬት ቆረጥኩላት።