የእናቴ ሜትር

ታቦር ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊያችን ባለቤቴን ለክቶ፣ «ጋሼ፣ ወገብዎ ከአምናው ቀንሷል» ሲለው የእናቴ ሜትር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ቱላ ስንኖር፣ እናቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። አባቴ ታሞ ሱሪው ሰፊ ሲሆንበት፣ ልታጠብብለት ትለካው ጀመር። ሜትሯ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል።

«ቀነስኩ አይደል?» ይላታል አባቴ።

«ኧረ አልቀነስክም! ሜትሩ አርጅቶ ተለጥጦ እኮ ነው።»

እኔም አምኜ፣ «እማዬ፣ አዲስ ሜትር ግዢ በቃ!» አልኳት። እናቴ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። አባቴ ግን ሳብ አድርጎ አቀፈኝና፣ «ተያት ልጄ፣ እኔ በዚህኛው ይሻለኛል» አለኝ።

ክረምቱ ሳይገባ አረፈ።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ ባለቤቴ።

«ሱሪው ይቆይ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።