የካላማዳሪው ራኬት

ወንድሜን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። ንፍሮ ዘገነ። ከዚያ ማዶ ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፣ «ጥሩ ልጅ ነበር። ፒንግ ፖንጉን ግን ላስቲኩ ነበር የሚጫወትለት» አለ። ማዶ ያለውም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ንፍሯቸውን ማላመጥ ቀጠሉ።

ይህን ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። ቢሆንም ልጻፈው። ሰው ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ የሟችን እጅ ነጥቆ ለጎማ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስለ ጎማው እኔም የማውቀውን ልናገር።

በአሰላ የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ አንድ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለ። አንዱ ማዕዘን ስለሚያዘነብል ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ገብቶለታል። ከንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ሥር የሚቀመጡት አባላት ከሚጫወቱት የሚያወሩት ይበልጣል። የሚያወሩትም ስለ ላስቲክ ነው። የትኛው ኳስ ይይዛል፣ የትኛው ያዞራል፣ የትኛው ይፈጥናል። ለሰዓታት ይከራከራሉ። ተነስተው ሲመቱ ግን ኳሷ ከጠረጴዛው ይልቅ መስኮቱን ታዘወትራለች።

አብዛኞቹ የሚይዙት ብጉራም የምንለውን ነው። ፊቱ ላይ ጥቃቅን ብጉር የወጣበት ላስቲክ ነው። ኳሷን ቷ አድርጎ ይመልሳታል እንጂ አይይዛትም፤ እንደ መጣች ትሄዳለች። ምንም ሳያስቡ መጫወት ስለሚያስችል አስተማሪዎቻችን ሁሉ ይወዱታል። ሌላው ለስላሳው ነው፤ ከሥሩ ስፖንጅ አለው። ኳሷ ስታርፍበት ጥቂት ትሰጥምና ተወንጭፋ ትወጣለች። ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ይነክሳታል፤ የሚያዞራትም ያ ንክሻ ነው። እንዲህ ያለው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። ቀይ፣ የጃፓን ሥራ፣ የጸሐፊው። በአረንጓዴ ከፋይ ጠቅልሎ፣ ታቦት የያዘ ይመስል በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር የሚያመጣው።

የወንድሜ ግን ከሁለቱም አይደለም። ወንድሜ እኔ እንድማር ብሎ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ፣ በፈረንጆቹ የእርሻ ፕሮጀክት ጋራዥ ገባ። የተጣለ የትራክተር ካላማዳሪ ያገኘው እዚያ ነው። የትራክተር ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ ወፍራም ስለሆነ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ከሥራ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ ይቀመጥና ይፍቃል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ እንደገና ይፍቃል። በላዩ የነበረውን ነጭ ዱቄት በእንዶድ አጠበ። ከመኪና ወንበር የወጣ ስፖንጅ በምላጭ አሳስቶ ቆረጠ። ከጎሚስታው ማስቲሽ ለምኖ ሁሉንም በጣውላ ላይ አጣበቀና አንድ ቀን ሙሉ የመኪና ባትሪ ጫነበት።

ክበቡ ይዞት ሲገባ ሳቁበት።

«ጎማው ሲተነፍስ ፓምፕ ይዘህ ትመጣለህ?» አለው ጸሐፊው።

«ፓምፕስ ጋራዥ ሞልቷል ጋሼ። እስቲ የእርስዎን ያበድሩንና እናወዳድር» አለ ወንድሜ።

ጸሐፊው ለመሳቅ ሲል አበደረን። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «ና አንተ ተማሪ፣ ፊዚክስህ ይሥራ» አለኝ። ራኬቶቹን ወለል ላይ አስተኛንና ኳሷን ከአገጬ ከፍታ ለቀቅሁባቸው። በጃፓኑ ላይ ወገቤ ድረስ ነጠረች። በእኛው ላይ ጉልበቴንም አልደረሰች። በፍጥነት ውራ ወጣን። አባላቱ አጨበጨቡ። ወንድሜም አብሮ አጨበጨበ፤ እንዲህ ነበር እሱ።

ከዚያ ኳሷ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገና በእኛው ራኬት ከሥር ወደ ላይ አበሳት። ነጥቡ ክብ መስመር እስኪመስል ድረስ ኳሷ ሾረች። በጃፓኑ እንዲሁ አበሳት። ነጥቡ አልሾረም። ኳሷ እርጥብ ሳሙና እንደነካች ሁሉ ተንሸራታ ወደቀች። ወንድሜ ቀዩን ላስቲክ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱንም አሸተተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሰላ ንፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሰው ሁሉ ጠዋት ፊቱንና ተረከዙን ቫዝሊን ይቀባል። ጸሐፊያችንም የጃፓኑ ዕቃ ብርዱ እንዳይሰነጥቅበት፣ ከፊቱ የተረፈውን ቫዝሊን በየጠዋቱ ለላስቲኩ ይቀባው ኖሯል!

ወንድሜ ሰው ፊት አላጋለጠውም። ጠጋ ብሎ በቀስታ «ጋሼ፣ ቫዝሊኑን ይተዉት። ንክሻውን ያጠፋብዎታል» አለው። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

ጸሐፊው ግን ጮኸ። «የጃፓን ዕቃ አያያዝ ከትራክተር ጎማ ጠጋኝ አልማርም!»

ተጫወቱ። ወንድሜ ሃያ አንድ ለዘጠኝ አሸነፈው፤ ድገመኝ ቢለው ሃያ አንድ ለሰባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐፊው በየደረሰበት «ላስቲኩ ነው፣ ላስቲኩ ነው» ሲል ከረመ። ክበቡም እንደ ዳዊት ደገመው። ወንድሜ «ይበሉ እስቲ» ብሎ ይስቃል። ክረምቱ ሲገባ ከበቆጂ በጭነት መኪና ሲመለስ፣ መኪናዋ በጭቃ ተንሸራታ ተገለበጠች። ሌሎቹ ወጡ። እሱ አልወጣም። ከዚህ በላይ ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ በተነሳ በሳምንቱ ራኬቱን በጥቁር ሸሚዜ ውስጥ ደብቄ ክበቡ ሄድኩ። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሸነፈው የወንድሜ እጅ መሆኑን ያ ሰው በአፉ እንዲናገር። በሩ ላይ እንደታየሁ ሁሉም ዞረው ጥቁር ሸሚዜን አዩ።

«አርባው እንኳ ሳይወጣ ለጨዋታ?» አለ አንዱ አስተማሪዬ። «ምን ዓይነት ዘመን ነው!»

ስለ ሐዘን ሥርዓት የተቆረቆረው፣ ማዶ ተቀምጦ ራሱን የነቀነቀው ሰውዬ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ራኬቱን ለጸሐፊው ዘረጋሁለት።

«ይኸው ጋሼ። የሚጫወተው ላስቲኩ ነው ብለዋል። ይያዙትና ያሸንፉበት።»

«ማንን ላሸንፍ?» አለ እየሳቀ።

ከጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ተነሱ። የዚሁ የአሰላ ተወላጅ የሆኑ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ያሸንፋቸው ነበር፤ ጸሐፊውን ግን እሳቸው ሁልጊዜ ያሸንፉታል። ራኬታቸው ብጉሩ አልቆ መላጣ የሆነ ነው። «አቦ፣ እኔ አለሁ። ና» አሉት።

ጸሐፊው የካላማዳሪውን ራኬት ይዞ ቆመ። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲነካት ወደ ጣሪያው ወጣች። ሁለተኛዋ መረቡ ሥር ገባች። ላስቲኩ የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ፣ ልብስ ሰፊው አዙረው የላኩት ሁሉ በእጁ ላይ አቅጣጫውን ይቀይርበታል። ላብ አጠመቀው። ቫዝሊኑና ላቡ ተቀላቅለው አገጩ ላይ አበሩ። ሃያ አንድ ለአራት።

«ላስቲኩ ደርቋል» አለ ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ። «ሳይያዝ የከረመ ዕቃ!»

«ሁለት ሳምንት ነው የከረመው» አልኩ።

«እንግዲያው አንተ ያዘው! ወንድሙ አይደለህ? እስቲ ይጫወትልህ!»

ያዝኩት። መያዣው ላይ የወንድሜ ጣት ጉድጓድ ነበር፤ ለእኔ ጣት ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊውን «አይማሩኝ» አልኳቸው።

«ወላሂ አልምርህም» አሉኝ። አልማሩኝም። ሃያ አንድ ለስድስት ተሸነፍኩ።

ክበቡ ሳቀ። ጸሐፊው ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ከራሱ ሁለት ነጥብ ብልጫ ባገኘ ተማሪ። አንድ ራኬት፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሽንፈት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። ላስቲኩን በእጃቸው መዳፍ አበስ አበስ አደረጉና መለሱልኝ።

«አልደረቀም» አሉ ጮክ ብለው። «ደህና ነው። የሚይዘው እጅ ነው የሌለው።»

ጸሐፊው ከፋዩን አነሳ። ቀዩን ራኬቱን ጠቀለለና ቆቡን አድርጎ ወጣ። የፈለግሁትን ቃል ከአፉ አላገኘሁም፤ አሁን ቢናገረውም አልሰማውም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ራኬቱን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ስቆም፣ እንዲያሸንፍልኝ ጠብቄ ነበር። እኔ። ፍቆ ሲያሳሳው አጠገቡ የተቀመጥኩት፣ በፍጥነት ውራ መውጣቱን በገዛ ዓይኔ ያየሁት። ጸሐፊውን ስንቀው የከረምኩት ሰው እንደ ጸሐፊው አምኜ ነበር። ወንድሜ ብዙ እሑድ «ና፣ ክንድህን ተወው፣ አንጓህን ብቻ እንዲህ አዙር» እያለ ይጠራኝ ነበር። እኔም «ራኬቱን ብቻ አበድረኝ» እለዋለሁ። ያበድረኛል፤ አንጓዬን ይዞ ሊያሳየኝ ሲል እጄን እነጥቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ እሺ ብዬ አልቆምኩለትም።