ያልተገለበጠው ገጽ

ታራሚዎቹ «ቀን ቆጣሪው» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት በማረሚያ ቤቱ መዝገብ ክፍል፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው መውጫ ቀን አስልቷል። ጠባዩ ያማረ ፍርደኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ በአመክሮ ይፈታል፤ ያችን ቀን የምታወጣት የእሱ እርሳስ ናት። «ዳኛ በዓመት ይፈርዳል፣ በቀን የሚመነዝረው ግን እሱ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱን ይወደው ነበር። የውሳኔ ወረቀት ሲመጣለት ሐተታውን አያነብም። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጦ የተፈረደውን ዓመትና የእስር ማዘዣውን ቀን ለቅሞ ይጽፋል። «ሐተታ የጠበቃ እንጀራ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ሦስት ዓመት የተፈረደበት አናጢ መስኮቱን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ለልጄ ሠርግ እደርሳለሁ?» አለው።

መዝገቡን አየለት። «በአሥራ ዘጠኝ ቀን ያመልጥሃል።»

«ጠበቃዬ ግን ትደርሳለህ ብሎኝ ነበር።»

«ጠበቃ ያወራል፣ እኔ እቆጥራለሁ።»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። አናጢውም አብሮ ሳቀና ሄደ።

ሠርጉ አለፈ፤ አናጢውም በተባለው ቀን ተፈታ። ከዓመት በላይ ቆይቶ መዝገቦቹ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ ተባለና ቀን ቆጣሪው አሮጌ ፋይሎችን ቅጠል በቅጠል ይገልጥ ጀመር። የአናጢውን የመጨረሻ ገጽ ሲገለብጥ፣ ከጀርባው አንዲት መስመር አገኘ። ወረቀት ሊቆጥብ የፈለገ የችሎት ጸሐፊ ያሰፈራት ናት፦ «በፖሊስ ጣቢያ የቆየበት ስልሳ ሁለት ቀን ከቅጣቱ ይታሰብለት።»

እርሳሱን አነሣ። ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ሰውዬው ከሠርጉ ከአርባ ቀን በላይ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

አለቃው፣ «የተፈታ ሰው መዝገብ ዝግ ነው፤ አርፈህ ጡረታህን ጠብቅ» አለው። ሚስቱም፣ «ማን ጠየቀህ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ!» አለችው። ሁለቱም ለእሱ ማዘናቸው ነው። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ በዚያ መስኮት ብቅ ያለን ፊት ሁሉ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ቅዳሜ ጠዋት አጠያይቆ የአናጢውን የሥራ ቦታ አገኘ።

አናጢው ሲያየው መላጊያውን ጥሎ ብድግ አለ። «ኑ እዩ!» አላቸው ባልደረቦቹን። «እሳቸው ናቸው ቀን ቆጣሪው! እዚያ ግቢ ውስጥ ከአፋቸው ውሸት የማይወጣ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ልጅህ... እንዴት ናት?» አለ፣ መጀመሪያው ጠፍቶት።

የአናጢው ፊት ጠቆረ። «አታናግረኝም፣ ጋሼ። ጠበቃው ለእሷም ይደርሳል ብሏት ነበር። ስቀር፣ ውስጥ ተደባድቦ አመክሮው ተገፋበት ብላ አመነች። የሠርጓ ዕለት በሩን በሩን ስታይ ዋለች አሉ። እኔም የእርስዎን ቁጥር ጠቅሼ፣ ጠበቃው ነው የዋሸሽ አልኳት።»

«አልዋሸም» አለ ቀን ቆጣሪው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ባልደረቦቹ መዶሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ስንት ቀን?» አለ አናጢው።

«ስልሳ ሁለት።»

«ወረቀቷን ባለመገልበጥ?»

«ባለመገልበጥ።»

አናጢው ሽርጡን ፈታ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ይምጡ፤ ለእሷ ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

አናጢው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ በሩን ከፈተች። አባቷን አየች፣ ከዚያ እንግዳውን። «እኚህ ደግሞ ማናቸው?»

«በስሌቱ ረገድ በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት...» ብሎ ጀመረ ቀን ቆጣሪው። ድምፁ ለራሱ ጆሮ እንደ ደብዳቤ ተሰማውና አቆመ። አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ልጄ። አባትሽ ምንም አላጠፋም። አንድ ወረቀት ገልብጬ ሳላይ ቀርቼ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ገልብጦ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?»

መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛውራ አባቷን ለማስገባት ከበሩ ዞር አለች። አናጢው ጫማውን ጠርጎ ጠርጎ ገባ። ቀን ቆጣሪውን ግባም ሂድም ያለው አልነበረም። በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ።