የሰላም ኮሚቴው ሚስቶች

ሆሳዕና፣ በዞኑ የሴቶች ጉዳይ መምሪያ ስሠራ ትልልቅ ሐሳብ ወደ እኛ የሚደርሰው ደረጃውን ጠብቆ ነበር። ሴቶች በሰላምና ጸጥታ ይሳተፉ የሚለውንም መጀመሪያ የአፍሪካ አገሮች ተሰብስበው ተስማሙበት፤ ከዚያ ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን እያለ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የየቀበሌው የሰላም ኮሚቴ ሴቶች እንዲያስገባ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ።

ከሁሉም ቀድሞ የፈጸመው ሾኔ አጠገብ ያለው የትውልድ ቀበሌዬ ነው። ሰብሳቢው አባቴ ነበር። የኮሚቴው አባላት የሆኑት ሽማግሌዎች ተመካክረው የየራሳቸውን ሚስት መረጡ። በጣም ተናደድኩ።

«ሴት አስገቡ አላችሁ፣ አስገባን» አለኝ አባቴ። «ሚስት ሴት አይደለችም?»

ያን ሰሞን ታናሽ እህቴ ስምንተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ሾኔ ነው፤ መንገዱ የሚያልፍበት ባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ተጠልፋለች። አባቴ «ትቅር» አለ፤ እናቴ ብትለምነውም አልሰማም።

የኮሚቴውን ስብሰባ ለማየት ሄድኩ። በጸሎት ተከፈተ። አጀንዳው የከብት ስርቆት ነበር፤ ሚሊሻ በየተራ ግጦሹን እንዲጠብቅ ተወሰነ። ሚስቶቹ ከባሎቻቸው ጀርባ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ እኔን አየት አደረገና «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» አለ። «እነሱ ያሉት ጥሩ ነው» አሉ ተራ በተራ። ለይስሙላ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ተራው እናቴ ዘንድ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በሀዲይኛ ነው የተናገረችው።

«ላም ስትሰረቅ ሚሊሻ ይመደባል። ልጅ ስትጠለፍ ሌሎቹን ልጆች ከትምህርት እናስቀራለን። የእኔዋ ልጅ ከላም አንሳ ነው?»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። አንዲት ሚስት ከኋላ «የእኔም ልጅ ቀርታለች» አለች፤ ሌላዋም ተከተለች። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጠዋትና ከሰዓት በባሕር ዛፉ መንገድ ላይ ሚሊሻ እንዲቆም ተስማሙ። ጸሐፊው መዘገበው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፊት ፊት እየሄደ ነበር። ዘወር ሳይል «ይህን ቤት ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት።

«ስንቴ ነገርኩህ» አለች እናቴ። «ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም።»

ሰኞ ጠዋት እህቴ ሾኔ ሄደች።