እናቴ የምትተረጉማቸው ፊልሞች

የጣሪያ ቬንቲሌተር ሲጥ ሲጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር ሸዋ ሮቢት ያለችው የእናቴ ምግብ ቤት ትመጣብኛለች። ሰሞኑን ከሥራ ስገባ ሌላ ነገር ለማድረግ አቅም አጥቼ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ግድያና ሙት መንፈስ ያለበት ልቦለድ አነባለሁ፤ ማንበቡ ሲደክመኝም የዚያው ዓይነት ፊልም እከፍታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሚስቱን ቀብሮ ድምጿን ከግድግዳው ውስጥ ስለሚሰማ ሰው አንብቤ ስጨርስ፣ ይህን አመል ከማን እንደወረስኩት አሰብኩ።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ከደብረ ሲና በታች ባለው ቁልቁለት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እናቴ ከአርባው በኋላ ምግብ ቤቷን ከፍታ ሥራዋን ቀጠለች፤ ሰው ፊት ግን አታለቅስም ነበር። በበጋ፣ የምሳ ሰዓት አልፎ ሙቀቱ መንገዱን ጭር ሲያደርገው፣ በሩን ዘግታ፣ ከጎረቤት ሱቅ የተከራየችውን ሲዲ ከትታ፣ ጓዳ ቬንቲሌተሩ ሥር ባነጠፈችው ፍራሽ ላይ አጠገቧ ታስቀምጠኝ ነበር። የምትመርጠው ሁልጊዜ የሚያስፈራውን ነበር። የፊልሙን ቋንቋ አንዳችንም አናውቅም፤ እሷ ግን ትተረጉምልኝ ነበር።

«ምን አለች?» እላታለሁ፣ አንዲት ሴት ጨለማ ቤት ውስጥ ስትጮህ።

«ደክሞኛል፣ ማንም አይምጣብኝ ነው የምትለው» ትለኛለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ገዳዩም ሟቹም በእሷ ትርጉም ሁሉም ደክሟቸው ነበር። ፊልሙ አልቆ እንባዋን ስትጠርግ፣ የምታለቅሰው ለእነሱ ይመስለኝ ነበር።

በልግ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ከደብረ ሲና ሽንኩርት ሊገዙ ወርደው ፊልም እያየን ደረሱብን።

«የሺ፣ ልጅቱን በሬሳ ፊልም ልታሳድጊያት ነው?»

«ጋሼ፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ አይዞሽ እያለኝ ሄደ። እነዚህ አይዞሽ አይሉኝም» አለቻቸው።

ትምህርት ሲዘጋ ተመልሰው መጥተው፣ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ እንድከርም ይዘውኝ ሲወጡ አልተከራከረችም።

ደብረ ሲና ጉሙ ከመስኮቱ አይነሳም ነበር። የአጎቴ ቤት ልጆች የሞሉበት፣ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር፤ ሆኖም እኔ ስገባ የአባቴ ወሬ ይቋረጥ ስለነበር፣ ምግብ እያስጠላኝ ከሳሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ያን መንገድ ረግጣው አታውቅም ነበርና ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ነሐሴ ላይ ግን ዝናብ እንደመታት በር ላይ ቆመች።

«ልጄን ልወስድ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደምሴ በየት እንዳለፈች ስለገባቸው ልብሴን አመጡላት።

ስንወርድ፣ ሚኒባሱ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ አስጠጋችኝ። «እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። የፈረሰ የመንገድ ዳር ግንብ፣ እርጥብ ቁጥቋጦ፣ ከታች ደግሞ የደፈረሰ ጅረት አየሁ። «ስመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት» አለችና፣ በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሾፌሩ የከፈተውን ሙዚቃ አጠፋ።

አሁን እናቴ የሚያስፈራ ፊልም አታይም። ስደውልላት «አንቺ ልጅ፣ እስቲ የሚያስቅ ነገር እይ» ትለኛለች። ያኔ ስፈራ ጭንቅላቴን ነጠላዋ ውስጥ እቀብር ነበር፤ ሲያልቅም በሩ ይከፈትና ሻይ የሚጠጣ ሰው ይገባ ነበር። ዛሬ የፊልሞቹን ቋንቋ ራሴ እሰማለሁ፣ አልፈራም፣ አላለቅስምም፤ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት እቀመጥና ለነገ ሥራ የምለብሰውን አወጣለሁ።