በእናቱ ስም የተጠራችው ወፍ

በሙዚየሙ የደረቁ ወፎችን የሚይዘው ባለሙያ፣ ማንም የማያውቃትን ወፍ አግኝቶ በሟች እናቱ ስም ከሰየማት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ዘንድሮ አንዲት ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ መጽሔት ይዛ መጣች። ያችው ወፍ እዚያ ትርጉሙ «ቆሻሻዋ» የሆነ የላቲን ስም ወጥቶላታል።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ደንቡ ቀድሞ የታተመው ስም ይጽና ነው የሚለው» አለችው።

«ያን ስም ያወጣላት ሰውዬ እኮ ያየው አንድ የተበላሸ ቆዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። ለስያሜ ኮሚቴው ሦስት ደብዳቤ ቢጽፍም ጠብ ያለለት ነገር የለም።

ልጁ ልታጽናናው፣ «አባዬ፣ ወፏ እንደሆነች ስሟን አታውቀው» አለችው።

«እኔ ግን አውቀዋለሁ!»

በማግስቱ ጥርሱን ነክሶ «ቆሻሻዋ» የሚለውን በገዛ እጁ ወፏ በተቀመጠችበት መሳቢያ ላይ ጻፈ። የእናቱን ስም፣ ደንቡ እንደሚፈቅደው፣ «የተሻረ» ብሎ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አሰፈረው። መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።