የጫፉ አየር

ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የስልኩን እጀታ በሻርፗ ጫፍ መወልወል ነው። ስልኩ ቆሽሾ አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ዛሬ የሚደውልበት ሌላ ሰው ቢሆንም እሷ ትወለውለዋለች።

ድሮ እንግዶችን ተራራ የሚያወጡት መንገድ መሪዎች «የደመና እናት» ይሏት ነበር። ከተራራው ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ፣ ዛሬ ይወጣል ወይም አይወጣም የምትለው እሷ ነበረችና።

«እናታችን፣ ልጆችሽ ዛሬ እንዴት አደሩ?»

«ባለጌ ናቸው፣ እንደ እናንተው።»

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የተራራውን ስም ስልክ ላይ ጽፎ የአየር ትንበያ ማየት ማንን ያቅተዋል? ግን አንዱ ትንበያ ፀሐይ ይስልላታል፣ ሌላው ዝናብ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ታችኛው ከተማ ነው። ከተማው ውስጥ ልብስ የሚያደርቅ ፀሐይ እያለ ጫፉ ላይ በረዶ ይወርዳል። ስለዚህ የምታምነው አንድ ሰው ነበር፤ ጫፉ ላይ የተተከለውን የስልክ ማማ የሚጠብቀው ጎልማሳ። ስትደውልለት ከክፍሉ ወጥቶ ዙሪያውን አይቶ ይነግራታል። «እህት ዓለም፣ የገዛ ጫማዬ አይታየኝም» ካለ የዚያን ቀን ማንም አይወጣም።

ታናሽ ወንድሟም መንገድ መሪ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ከእሷ አፍ ሳይሰማ የጫማውን ክር አያስርም። «እታለም ካለች አለቀ!» ይላቸው ነበር እንግዶቹን።

አንድ ቀን ጠዋት ከእንግዶቹ ጋር ደጅ ከቆመው መኪና ሆኖ «እታለም፣ እንሂድ?» ብሎ ተጣራ። እጇን በመስኮት አውጥታ ሂዱ አለችው። ከሄዱ በኋላ ልቧ አላርፍ ስላላት ሰው በሞተር አስከትላ ላከች፤ ሳይደርስባቸው ተመለሰ። የወንድሟ ስልክም አይሠራም። ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ጫፉን ዋጠው፤ ከዚያ በረዶው መጣ። በር ላይ ቆማ ሻርፗን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ዋለች።

ሊመሽ ሲል ወረዱ። አንዷ እንግዳ እግሯ ተሰብሮ ወንድሟ አዝሏታል። ከንፈሩ ጠቁሯል። በቢሮው ሥራ አስኪያጅ ፊት፣ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ወንድሟ ጠየቃት።

«ማማው ጋ ደውለሽ ነበር?»

«አልደወልኩም።»

«ታዲያ በምን አውቀሽ ነው ሂዱ ያልሽን?»

«ስልክ ላይ ትንበያውን አይቼ።»

«የከተማውን?»

ሻርፗን ከጣቷ ፈታች።

«እታለም፣ እኔን?» አለ። ከዚያ ወዲህ እታለም ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

አሁን ሥራዋ እርጥብ ድንኳን ማድረቅና ማጠፍ ነው። ወንድሟ ሊወስድ ሲመጣ «እባክዎ፣ ትልቁን ይስጡኝ» ይላታል፤ አንቱታው እንደ በረዶው ይቀዘቅዛታል። ትሰጠዋለች። ጃኬቱ መቆለፉን በዓይኗ ታያለች።

ይህን ታሪክ ለጻፈችው ልጅ ስታወራላት፣ አንድ ነገር ብቻ ሳትጽፍ እንድትተው ለመነቻት። የዚያን ቀን ጠዋት ማማው ጋ ደውላ ነበር። ጥበቃው «ጥርት ያለ ነው፣ እህት ዓለም!» አላት። እጇን በመስኮት አወጣች፣ መኪናው ኩርባውን ዞረ፤ እጀታውን ከጆሮዋ ሳታነሣ ግን በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ሰማች። ጫፉ ላይ ዶሮ የለም።

«የት ነህ አንተ?»

«ሚስቴን ምጥ ይዟት ሌሊት ወረድኩ። ከቤቴ ደጅ ሆኜ ነው የማየው፤ ከዚህ ጥርት ያለ ነው። ካወቁብኝ ከሥራ ያባርሩኛል። በልጄ ይዤሻለሁ፣ እንዳትናገሪብኝ።»

ከኋላው አራስ ልጅ ያለቅስ ነበር።